ለሥራ የሚበረክት የባትሪ ድሪል ልገዛ ነው፤ የቱን ትሉኛላችሁ?

ካቢኔት ገጣሚው

ሰላም ለሁላችሁም፣ የሙያ ወንድሞችና እህቶች።

እስካሁን በሰው ሥር ነው የሠራሁት። የኪችን ካቢኔት፣ ቁም ሳጥን፣ የሱቅ መደርደሪያ እንሠራለን፤ እኔ ገጠማው ላይ ነኝ። አሁን በራሴ ልወጣ ነው። ሥራ እንኳ አይጠፋም። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳም ከካዛንቺስም የተነሳ ባለሱቅ አዲስ ቦታ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያሠራው መደርደሪያ ነው። የጎደለኝ የራሴ ድሪል ነው። እስከዛሬ የምይዘው የአለቃዬን ነበር።

የዕለት ሥራዬ ይሄ ነው። ችፑድና ኤምዲኤፍ (ተጨምቀው የተሠሩ የእንጨት ሰሌዳዎች) ላይ ቪቴ ማሰር። የ35 ሚሊ የማጠፊያ ጉድጓድ ማውጣት። ብሎኬት ግድግዳ በስቶ ፊሸር (ቪቴው የሚነክስበትን ፕላስቲክ) መክተትና የላይኛውን ካቢኔት መስቀል። አልፎ አልፎ የኮንክሪት ምሰሶ (ኮለን) ወይም የኮንክሪት ጣሪያ (ሶሌታ) መብሳት ይመጣል። መኪና የለኝም፤ ዕቃዬን ተሸክሜ በታክሲ ነው የምንቀሳቀሰው። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ አዲስ ሕንፃ ላይ ጭራሽ ያልገባበትም አለ። ስለዚህ ባለ ባትሪ ይሁን ብያለሁ።

ትናንት ተክለሃይማኖት አካባቢ ዞር ዞር አልኩ። አንዱ ሱቅ ባለ 48 ቮልት ነው ብሎ አወጣልኝ። ሁለት ባትሪ፣ ሙሉ ፑንታ (መብሻው ብረት)፣ ሳጥን፣ ሁሉም አለው፤ ዋጋውም ይቻላል። አጠገቡ የተቀመጠው ባለ 18 ቮልት ግን ባዶው፣ ያለ ባትሪ፣ ከዚያ ይበልጣል። ግራ ገባኝ። 48 ከ18 አይበልጥም እንዴ? ማኪታ፣ ቦሽ፣ ዲዋልት፣ ኢንግኮ፣ ቶታል፣ ሁሉም ተደርድሯል። አንዴ ነው የምገዛው፤ ተሳስቼ ድጋሚ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። እስቲ ምከሩኝ።

የአራዳው

ማኪታ። ሌላ ጥያቄ?

የአሉሚኒየሙ

ወንድሜ፣ ከላይ ያለው ልጅ አልዋሸህም፤ ግን አልመለሰልህም። ማኪታ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ መርካቶ ሞልቷል። ጽሑፍ ደግሞ ቪቴ አያስርም።

እኔ አሉሚኒየም በርና መስኮት፣ የቢሮ ፓርቲሽን ነው የምሠራው፤ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም አካባቢ። ድሪል ከእጄ አይወርድም። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ነው፤ ሻይ ያዝ።

መጀመሪያ የ48ቱን ነገር እንጨርሰው። የሊቲየም ባትሪ ውስጡ የተደረደሩ ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል በመደበኛው 3.6 ቮልት ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስቱን በተከታታይ ስታያይዛቸው 18 ቮልት፤ ቻርጁ እንደሞላ 21። ስለዚህ 18 የሚለውም፣ 20 ማክስ የሚለውም፣ 21 የሚለውም አንድ ናቸው። አንዱ የሥራውን ቁጥር ጻፈ፣ ሌላው የሙላቱን። 48 ቮልት ለመሆን 13 ሴል በተከታታይ ይፈልጋል። ሱቁ ያሳየህ ባትሪ በመዳፍህ የሚያዝ አይደል? 13 ሴል የት ይገባል?

ተመልሰህ ሂድና አንድ ነገር አድርግ። ድሪሉን ተወው፤ ቻርጀሩን አንሳና ጀርባውን ገልብጥ። በትንሹ የተጻፈ አውትፑት የሚል መስመር አለ። 21 ቮልት ካለ ያ 48 የተባለው ባትሪ አምስት ሴል ነው። ቀለሙ የደመቀው ጽሑፍ ለገዢ ነው፤ ትንሹ ጽሑፍ ለሠሪ ነው። 88 እና 128 የሚሉም አሉ፤ እነሱንም በዚሁ ያዛቸው። ልብ በል፣ አይሠሩም አላልኩም። ቤት ውስጥ መጋረጃ ለሚሰቅል ሰው ይሆናሉ። እንጀራህን ልታወጣበት ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ቁጥር አምፒር ሰዓት ነው። ያ የጉልበት ሳይሆን የቆይታ ነው። አንድ ተራ ሴል 2 አምፒር ሰዓት ከያዘ፣ አምስት ሴል ያለው ባትሪ 2 ነው፤ 4 እንዲሆን አሥር ሴል፣ በሁለት ረድፍ፣ መኖር አለበት። ስለዚህ ባለ 4 ባትሪ ሲይዙት ይከብዳል፤ መጠኑም ይወፍራል። ስስና ቀላል ሆኖ 6 ወይም 8 የሚል ካየህ ፈገግ ብለህ እለፈው።

ሦስተኛው ኒውተን ሜትር የሚሉት የመጠምዘዝ ጉልበት ነው። ደህና አምራች ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ ለጠንካራ፣ ሌላው ለለስላሳ ማሰሪያ። ማኪታ ዲኤችፒ 482 ለምሳሌ 62 እና 36 ነው። ትልቁ ቁጥር ብረት ላይ ሲነክስ ለቅጽበት የሚያወጣው ነው፤ ትንሹ ቁጥር እንጨት ላይ እየጎተተ የሚያቆየው ነው። ለአንተ ሥራ ትንሹን ነው የምታየው። አንድ ቁጥር ብቻ፣ ያውም 200 ምናምን የጻፈ ርካሽ ድሪል፣ የቱን እንደሆነ እንኳ አልነገረህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ድሪል አትግዛ፤ ባትሪ ግዛ። የአንዱ ድርጅት ባትሪ ሌላው ላይ አይገባም። ዛሬ የመረጥከው ባትሪ ነገ የምትገዛውን ግራይንደር፣ ጂግሶ፣ መብራት ሁሉ ይወስናል። ስለዚህ ጥያቄው የቱ ድሪል ያምራል አይደለም። የየትኛው ባትሪና ቻርጀር ከሁለት ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል ነው። ባዶ ድሪል በርካሽ አገኘሁ ብሎ ባትሪውን ሳያጣራ የሚገዛ ሰው፣ ጤፍ የት እንደሚሸጥ ሳያውቅ ምጣድ እንደገዛ ነው።

ለዚህም ነው ማኪታ ብቻ ብሎ መልስ የማይበቃው። ማኪታ ራሱ በ18 ቮልት ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው። አንደኛው ኤልኤክስቲ የሚባለው ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ያለ፣ ዕቃው የበዛ። ሁለተኛው ጂ የሚል ፊደል ያለበት ቀለል ያለው መስመር ነው። ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው፤ አንዱ ባትሪ ግን ሌላው ላይ አይገባም። ርካሽ ማኪታ አገኘሁ ብለህ የጂውን ይዘህ ትገባና ነገ ግራይንደር ስትፈልግ በር ይዘጋብሃል። ባትሪውን አውጥተህ ቁጥሩን አንብብ። ቢኤል 1830፣ 1840፣ 1850 የሚሉት የኤልኤክስቲ ናቸው፤ 18 ቮልቱ ነው፣ 30 ማለት 3.0 አምፒር ሰዓት። መጨረሻው ላይ ጂ ካለ ሌላ ነው።

ቦሽ ከሆነ ሰማያዊውን ውሰድ። አረንጓዴው ለቤት ነው፤ ባትሪያቸውም አይገናኝም። ጂኤስቢ የሚል ካየህ መምቻ አለው፣ እየመታ ግድግዳ ይበሳል። ጂኤስአር የሚለው መምቻ የለውም። ማኪታ ላይ እንዲሁ ዲኤችፒ መምቻ ያለው፣ ዲዲኤፍ የሌለው ነው። ሻጩ አያውቅም ብዬ አይደለም፤ ሲቸኩል ያለውን ነው የሚሰጥህ።

ኢንግኮና ቶታልን አትናቅ። እኔ ጋ የሚሠሩ ልጆች ይይዟቸዋል። ጉልበታቸው ከላይ ካሉት ያንሳል፤ ፑንታውን የሚነክሰው ቻካቸውም ቶሎ ይላላል። ባትሪና ቻርጀራቸው ግን በየሱቁ አለ። ሥራ ለሚጀምር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ዋጋ አትጠይቀኝ። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዛሬ የጠየቅከው ነገ ሌላ ነው። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቅ፤ በአንድ ቀን።

ካቢኔት ገጣሚው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ሄጄ ቻርጀሩን ገለበጥኩት፤ 21 ይላል። ሻጩ «ምን አየህ?» አለኝ፤ «ምንም» ብዬ ወጣሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ብራሽለስ የሚሉት ለውጥ አለው ወይስ ስም ነው? ደግሞ ኮለን ሲመጣ ይሄው ድሪል ይበቃኛል?

ጠጋኙ ከአብነት

ሰላም። እኔ ድሪል የሚሞትበትን እንጂ የሚሸጥበትን አላይም። ስለዚህ ከዚያ በኩል ልናገር።

ብራሽለስ ስም ብቻ አይደለም። የድሮው ሞተር ላይ ሁለት የካርቦን ቁራጭ አለ፤ እየተፋተገ ኮረንቲ ያስገባል። መፋተግ ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪህ ኪሳራ ነው። ብራሽለሱ ካርቦን የለውም፤ በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚሽከረከረው። በአንድ ቻርጅ ብዙ ይሠራል፣ አይግልም፣ ያነሰ ነው፣ ይቆያል። ግን አንድ ነገር ማንም አይነግርህም። ካርቦን ሲያልቅ እኔ ጋ ትመጣለህ፤ ቀይሬ ሻይህን ሳትጨርስ ትወስደዋለህ። የብራሽለስ ቦርድ ከተቃጠለ ግን ቦርዱን ከነሞተሩ ፍለጋ ነው፤ ካልተገኘ ደግሞ መድረሻው ምናለሽ ተራ፣ የአሮጌ ዕቃው ገበያ፣ ነው። ስለዚህ ብራሽለስ ከገዛህ መለዋወጫው ያለበትን ግዛ። ስሙ ካልታወቀ ድርጅት ብራሽለስ ከምትገዛ፣ ከታወቀው ባለ ካርቦኑን ግዛ ባይ ነኝ።

ብራሽለስ ተብሎ ባለ ካርቦን እንዳይሸጥልህ ደግሞ ይሄን አድርግ። ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ቦታ ቁም። ድሪሉን አስነሳና ከኋላ በኩል ባለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከት። ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ካርቦን አለው። ብራሽለስ ብልጭ አይልም። ያገለገለ ባለ ካርቦን ከሆነ ደግሞ የብልጭታውን መጠን እይ። ትንሽ ብልጭታ ጤና ነው። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከበራ ሞተሩ ሊሰናበት ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ በብዛት የሚመጣው ባትሪ ነው፤ ቀጥሎ ቻርጀር፤ ቀጥሎ ማስነሻው ስዊች። ሞተር ከሁሉም ያንሳል። ቻርጀር የሚገድለው መብራት ነው። ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ። መብራት ጠፋ? ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀለው። መጥቶ ከረጋ በኋላ ትሰካለህ። ርካሽ ዲቫይደር ላይ ከግራይንደርና ከብየዳ ጋር አብረህ አትሰካው።

ስለ ባትሪ አንድ ልንገራችሁ። በቅርቡ 5 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ መጣልኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሱቁንም አልጠራም። ባለቤቱ ቶሎ ያልቃል ይላል። አራቱን ቪቴ ፈትቼ ከፈትኩት። የአሥር ሴል ማቀፊያ አለው። ታችኛው ረድፍ አምስት ሴል ተበይዷል። የላይኛው ረድፍ አምስት ቀዳዳ ባዶ ነው፤ እንዳይንኳኳ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል። ልጁ ስፖንጁን በጣቱ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ምንም አላለም።

መለያው ሚዛን ነው። ተራው ሴል፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ቁመቱ 65 ሚሊ የሆነው፣ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። አሥሩ ያለ ሽፋኑ 450 ግራም ነው። 4 ወይም 5 የሚል ባትሪ ከነሽፋኑ ከ400 ግራም በታች ከመዘነ ውስጡ የተባለው የለም። ሚዛን የት አገኛለሁ አትበሉ፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ሙዝ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም።

ባትሪውን ጭራሽ አሟጣችሁ ወር ሁለት ወር አታስቀምጡ። ሴሉ ከልክ በታች ከወረደ ቻርጀሩ አልቀበልም ይላል፤ ያኔ ሞተ ብላችሁ ታመጡታላችሁ። ሥራ ከሌለ ግማሽ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የድሮው ኒኬል ባትሪ እስኪያልቅ ተጠቀም ይባል ነበር፤ ሊቲየም ያንን አይፈልግም። እንደጋለ ደግሞ አትሰኩት፤ ይቀዝቅዝ።

የአሉሚኒየሙ

ጠጋኙ ያለው ትክክል ነው፤ በአንዱ ብቻ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ብራሽለስ ዋጋውን ይመልሳል። እኔ ቱቦላሬና ላሜራ ስበሳ ባለ ካርቦኑ ምሳ ሳይደርስ እጄ ላይ ይግላል። አንተ ግን ችፑድ ነው ሥራህ። ገንዘብህ ለብራሽለስና ለአንድ ባትሪ ብቻ ከሆነ፣ ባለ ካርቦን ከሁለት ባትሪ ጋር ይሻልሃል። አንዱ ሲሠራ አንዱ ይሞላል። ሁለት ባለ 2 አምፒር ሰዓት ከአንድ ባለ 5 ይመረጣል፤ መሰላል ላይ ቆመህ ከራስህ በላይ ስታስር ክብደቱ ምን እንደሆነ ትከሻህ ይነግርሃል።

የኮለኑ ጥያቄ ጥሩ ነው። አጭር መልስ፦ አይበቃህም። ረጅሙ ይሄ ነው።

ባለ ባትሪ ድሪል ላይ መዶሻ የተሳለበት ምልክት አለ። ያ መምቻ ሁለት ጥርስ ያለው ብረት እርስ በርሱ እየተንሸራተተ የሚያንቀጠቅጠው ነው፤ የምትገፋውም አንተ ነህ። ድፍን ብሎኬት ላይ ይሠራል። ኮንክሪት ላይ ፑንታህን ታቃጥላለህ፣ ባትሪህን ትጨርሳለህ፣ እጅህ ይደነዝዛል። ኮለንና ሶሌታ የሚፈልገው ኤስዲኤስ ነው። የፑንታው ጭራ ላይ የተቆረጠ ጎድጎዳ አለው፣ ጠቅ ብሎ ይገባል። ውስጡ በአየር ግፊት የሚወረወር ፒስተን አለ፤ ራሱ ይመታል፣ አንተ መያዝ ብቻ ነው። ልዩነቱን አንዴ ከሞከርክ ሌላውን ኮንክሪት ላይ አትነካውም።

አልፎ አልፎ ነው ካልክ ባለ ባትሪ ኤስዲኤስ አትግዛ። ባለ ገመድ ኤስዲኤስ ከጓደኛ ተዋስ ወይም ተከራይ። ሥራው ሲበዛ ትገዛለህ፤ ያኔም ባለ ገመዱ ይበቃሃል።

ብሎኬት ላይ ደግሞ ብዙ ልጆች መምቻውን አብርተው ይበሳሉ። የኛ ብሎኬት ባዶ ሆድ ነው። በመምቻ ስትበሳው ፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ ያምራል፤ ከውስጥ በኩል ግን ግድግዳው ተሸርፎ ሰፍቷል። ፊሸሩ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከዚያ ካቢኔቱ ከነሳህኑ ሲወርድ ቪቴው አጥሮ ነው ይባላል። መምቻውን አጥፋው። በስለታም የግድግዳ ፑንታ፣ በዝግታ፣ ሳትገፋ። ልስኑን አልፎ ባዶው ጋ ሲደርስ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ለላይኛው ካቢኔት ረጅሙን ፊሸር ተጠቀም፤ አጭሩ ልስን ነው የሚይዘው። ከቻልክ ከካቢኔቱ ኋላ አንድ ረድፍ ጣውላ ግድግዳው ላይ በብዙ ፊሸር እሰርና ካቢኔቱን በዚያ ላይ ስቀል።

ቀለበቱንም እወቀው። ከቻኩ ኋላ ቁጥር ያለበት ቀለበት የሚዞረው ለጌጥ አይደለም። ቪቴው ሲደርስ ጠቅ ጠቅ ብሎ ያቆማል። ችፑድ ላይ ከትንሹ ጀምር። አንዴ የተበላ የችፑድ ቀዳዳ ድጋሚ አይነክስም፤ ደንበኛውም ማጠፊያው ሲላላ ነው ስምህን የሚያነሳው። ለ35 ሚሊው ጉድጓድ ማርሽ 1 ላይ አድርገው፤ ቀስ ይበል እንጂ ጉልበት አለው፣ ሜላሚኑንም አያቃጥልም።

ሶኬትና ማብሪያ

እህታችሁ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሁላችሁም 18፣ 18 ስትሉ 12 ቮልቱን ረሳችሁት።

ባለ 12 ቮልት ሦስት ሴል ነው፤ ቁጥሩ 10.8 ሲሆን ሙሉ ሲሆን 12 ያልፋል። ቻኩ ባብዛኛው 10 ሚሊ ነው። ክብደቱ ከነባትሪው ኪሎ ገደማ። ካቢኔት ሳጥን ውስጥ ጭንቅላትህን አስገብተህ ማጠፊያ ስታስር 18ቱ አይዞርልህም፤ 12ቱ ይዞራል። እኔ የሶኬት ሳጥን ሳስር፣ ኮርኒስ ላይ መብራት ስገጥም፣ ሌላ አልይዝም። ቦርሳዬ ውስጥ ከፒንሳና ከካቻቢቴ ጋር ይገባል፤ ሃይገር ላይ ቆሜ ብሄድ እንኳ አይከብደኝም። ብሎኬት ስበሳ ባለ ገመድ አወጣለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ የትኛውንም ግዛ፣ ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ሕንፃ ስትገባ ጥበቃው ዕቃህን ይመዘግባል፤ ስትወጣ ደግሞ በዚያው ወረቀት ነው የሚያይህ። «አንድ ድሪል» ብሎ ብቻ ከጻፈ የማን ድሪል እንደሆነ ሲያከራክር ያመሻል። ቁጥሩን አስጽፈው። ባትሪውን ለብቻ፣ ቻርጀሩን ለብቻ። ሳይት ላይ ድሪል አይደለም የሚጠፋው፤ ባትሪ ነው።

የአሉሚኒየሙ

እህቴ ልክ ናት። ያልጠቀስኩት ብሎኬት ይበሳል ስላለ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ 18፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁለተኛ ሲገዛ 12።

የአራዳው

እኔም እኮ ማኪታ ያልኩት ይሄን ሁሉ አስቤ ነው 😄

ካቢኔት ገጣሚው

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ነው። «ዲዋልት 20 ማክስ፣ ሁለት ባትሪ ከነቻርጀሩ ቅናሽ ላይ ነው፣ ላምጣልህ?» አለኝ። ብራሽለስ ነው፣ መምቻም አለው። ደስ ብሎኝ እሺ ልለው ስል ለእናንተ ልጠይቅ ብዬ ነው። 20 ማክስ ማለት 18 መሆኑን አሁን አውቄያለሁ።

ጠጋኙ ከአብነት

ቻርጀሩን! ቻርጀሩን! ከአሜሪካ የመጣ የድሪል ቻርጀር ባብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እዚህ 220 ላይ ስትሰካው ጭስ ታያለህ፤ ከዚያ እኔ ጋ ትመጣለህ። ከመጣህም አልሠራልህም። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሰው ይሄም እንደዚያ ይመስለዋል። ጀርባው ላይ ኢንፑት የሚለውን ማንበብ ነው።

የአሉሚኒየሙ

እሺ በለው፤ ጥሩ ዕቃ ነው። አሜሪካ 20 ማክስ የሚሉት አውሮፓ 18 ኤክስአር ከሚሉት ጋር ባትሪው አንድ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሸጠው የ220 ቻርጀር ይሞላልሃል። እሺ ከማለትህ በፊት ግን ያንን ቻርጀር ሱቅ ሄደህ አግኘው፤ አለ ሲሉህ ሳይሆን በእጅህ ስትይዘው። ካጣህ፣ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አለ፤ ዋቱ ከቻርጀሩ መብለጥ አለበት። ግን እሱ ራሱ ብረት ነው፣ አንተ ደግሞ በታክሲ ነህ።

ባትሪዎቹን በሻንጣ እንዳይልካቸው ንገረው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ በእጅ ነው የሚያዘው፤ ጫፉ እንዳይነካካ ተሸፍኖ። ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት ነው፤ 18 በ5 ብትለው 90። ከ5 የሚበልጥ ባትሪ እንዳይገዛ፤ መፈተሻው ላይ ከሚከራከር ባለ 2 ወይም ባለ 4 ይያዝ። ድሪሉ ባዶውን ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

ቅናሽ ነው ብሎ ሌላ፣ እዚህ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ዕቃ እንዳይለውጥብህ ደግሞ አደራ በለው። አሜሪካ ያለ ሰው ለቤቱ የሚገዛውን ነው የሚያውቀው።

ሲደርስህ ሦስት ነገር ፈትሽ። ረጅም ቀጥ ያለ ፑንታ አስገባና ቀስ አድርገህ አሽከርክር፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ቻኩ ጠማማ ነው። ማስነሻውን በጣትህ ቀስ በቀስ ተጫን፤ ፍጥነቱ አብሮ ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ድንገት ልቀቀው፤ ወዲያው ቀጥ ማለት አለበት።

ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈው የ35 ሚሊ የማጠፊያ ፑንታ ጫፉ ካርባይድ የሆነ ሁለት ያስገባልህ። ችፑድ ሙጫ አለው፤ ተራውን ፑንታ ቶሎ ያደነዝዘዋል።